ሽማግሌዎቹን ለረቡዕ ቀጠርኳቸው

አህያዬን ሰው ቆሞ በዓይኑ ሲመዝናት ደሜ ይፈላል። ድሮ አህያ የሚያይ ሰው ጀርባዋን ነበር የሚያየው። ስንት ኩንታል ትችላለች፣ የጭነት ቁስል አላት ወይ፣ ኮቴዋ ደህና ነው ወይ፣ ይህን ነበር የሚያየው። አሁን የሚመጡት ቆዳዋን ነው የሚያዩት። አዳማ ገበያ ዳር ጋሪዬን አቁሜ ጭነት ስጠብቅ፣ አይሱዙ ይዞ የመጣ ሰውዬ የአንገቷን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሳብ አደረገው፤ ሴት ጨርቅ ስትገዛ ዳስሳ እንደምታየው።

"ትሸጣታለህ?" አለኝ።

"ምን ልትጭንባት?" አልኩት።

ሳቀ። አጠገቤ የነበሩት ጋሪ ነጂዎችም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ እነሱ የሳቁት በሰውዬው ሳይሆን በእኔ እንደሆነ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻይና አገር የአህያ ቆዳ ቀቅለው መድኃኒት ይሠሩበታል አሉ። የእነሱ አህያ አለቀ፤ የእኛ አላለቀም። ስለዚህ ከአዳማ ራቅ ብሎ የአህያ ቄራ ተከፈተ። ቆዳው በመርከብ ይሄዳል፤ ሥጋውም የሚበላበት አገር ይሄዳል ይላሉ። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም እስላሙም አህያ አይበላም። በስንት ነገር ስንለያይ በዚህ አንለያይም። ቄራው ከተከፈተ ወዲህ ግን ሰው ሉካንዳ ቆሞ ሥጋውን ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ ሻጩን ዓይን ዓይኑን ያያል። እኔ የአህያ ሥጋ ከተማ ውስጥ ሲሸጥ አላየሁም። አየሁ የሚል ሰውም አላጋጠመኝም። ሁሉም የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር፣ የገዛ ልጄ እዚያ ቄራ አስተርጓሚ ባይሆን ኖሮ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ ነው፣ በማታ ትምህርት። ማንበብ ስችል ከተማውን ሁሉ አነበብኩት። የሱቅ ታፔላ፣ የመኪና ጀርባ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ያገኘሁትን። አህያዬ ስትሄድ እኔ ጋሪው ላይ ተቀምጬ አነብ ነበር። ብዙ ሳልቆይ ታፔላው ተቀየረ። ኦሮምኛ እናገራለሁ፣ ገበያ ላይ ያደግሁበት ቋንቋ ነው፤ ግን በላቲን ሲጻፍ አፌ የሚያውቀውን ዓይኔ አያውቀውም። እንግሊዝኛው ተጨመረ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት ደግሞ ሰበዝ የተበተነ የሚመስለው የቻይና ጽሑፍ መጣ። መሃይምነቴን ሸኝቼ በሩን ስዘጋ በመስኮት ተመልሶ ገባ።

ልጄ ያን ሰበዝ ለቀመው። ፓርኩ ውስጥ ከቻይናዎች ጋር እየዋለ፣ ማታ በስልኩ እያጠና ቋንቋውን ቻለ። እኔ እቀልድበት ነበር፤ "ድመት ጅራቷን በር የዘጋባት ይመስላል" እለዋለሁ። የሚሠራበት ፋብሪካ ከውጭ ትዕዛዝ ሲቀርበት ሠራተኛ ቀነሰ፤ እሱም ተቀነሰ። ወራት ተቀምጦ "አንድ የኤክስፖርት ድርጅት ቀጠረኝ" አለን። እናቱ መርቃ ሸኘችው። ምን ኤክስፖርት እንደሚያደርግ የነገረን ሰፈሩ ነው። የቄራውን ሰርቪስ ጠዋት ጠዋት ሲሳፈር አይተውታል።

ከዚያ ወዲያ ጋሪ ማቆሚያው ላይ ሰላም አጣሁ። "ዛሬስ ስንት ኪሎ ገባች?" ይሉኛል አህያዬን እያዩ። አንዱ ደግሞ "ጎበዝ፣ ለልጅህ ነው የምታደልባት?" አለኝ። አለንጋ ይዤ ተነሣሁ፤ ሰዎች ያዙኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይህ ነው። ቄራውን የከፈተውን፣ የፈቀደውን፣ ቆዳውን የሚገዛውን አንድም ሰው አይናገርም። እኔን ነው የሚናገሩኝ።

ገና ደረሰ። እንደ ወትሮው ጎረቤት ጠራን። የእድራችን ሊቀ መንበር መጣ፣ የጓሮ ጎረቤታችን ሴትዮ መጣች። ሚስቴ ዶሮ ወጡን አቀረበች። ሊቀ መንበሩ "ጠግበናል፣ ከቤት በልተን ነው የወጣነው" አለ። ሴትዮዋ እንጀራውን ከዳር ቆርሳ ደረቁን ጎረሰችው። ወጥ አላስነካችውም። ዶሮ እኮ ነው! ዶሮና አህያ የሚምታታበት ሰው በየት አገር አለ? እነሱም ያውቃሉ። ነገሩ የሥጋ አልነበረም። የቤቱ ነበር። እነሱ ሲወጡ ሚስቴ ሞሰቡን ከድና ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ሰማሁ፤ አልገባሁም።

በዓሉን አብሮኝ የቆየው የአጥር ጎረቤቴ ብቻ ነው። ከሰል ነጋዴ ነው፣ እስላም፣ የአርሲ ልጅ። በየበዓሉ ሚስቴ በተለየ ድስት ሽሮ ትሠራለታለች፤ የክርስቲያን ሥጋ አይበላማ። ሽሮውን እያጣቀሰ አየኝና "እኔን ምን ታየኛለህ? እኔ ሥጋህን ድሮም አልበላሁም። በሬም ቢሆን" አለኝ። ያን ቀን የሳቅኩት በዚያ ብቻ ነው።

ጥር ሲገባ ነው ጉዱ የመጣው። ሴት ልጄ ፓርኩ ውስጥ ሱሪ ትሰፋለች። እዚያው የሚሠራ መካኒክ ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ። እንደ ወጉ ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን" አሉ፤ እኔም እንደ ወጉ "እንምከርበትና ቀን ቆርጠን እንልክባችኋለን" አልኩ። በሁለተኛው ቀጠሮ እሺ ሲባል ሽማግሌ በልቶ ነው የሚሄደው። ሳይበላ ከወጣ ነገሩ ፈረሰ ማለት ነው። ከሰፈራችን የሚወራው ደግሞ እነሱ ሰፈር ደርሷል። ልጄ ማታ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ "አባዬ፣ ካልበሉ እኮ አለቀ" አለችኝ። ፊቷን ማየት ከበደኝ።

ሚስቴ በግ እንረድ አለች። በግ ከየት? ቢገኝስ፣ ታርዶ ወጥ ከሆነ በኋላ ማን በግ መሆኑን ያምናል? "ቆዳውን በር ላይ እንሰቅለዋለን" አለች። ቆዳ የሚለውን ቃል ስሰማ ብስጭቴ መጣ። ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ከሰል ነጋዴው ጆንያ ይሰፋል።

"አካም? ምነው?" አለኝ።

ነገርኩት። መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካ።

"እናንተ ረቡዕና ዓርብ ትጾሙ የለም እንዴ?"

"እንጾማለን።"

"ቀኑን የሚቆርጠው ማነው?"

"የሴቷ አባት። እኔ።"

"እና ረቡዕ ጥራቸዋ። ሥጋ በሌለበት ሥጋ እንቢ የሚል ሽማግሌ አላይም።"

ላኩባቸው። ለረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቀጠርኳቸው። ሚስቴ አፈረች፤ "ለጋብቻ ሽማግሌ በጾም ቀን? ሰው ምን ይለናል?" አለች። ሰው የሚለውን ብሎ ጨርሷል አልኳት። ያም ሆኖ ሠራች። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ። ዘይቱ በመርከብ ተጉዞ የመጣ የሚረጋ ዘይት ነው፤ ምስሩም ከባሕር ማዶ ነው አለኝ ባለሱቁ። ይህን ማንም አይጠይቅም። ከሩቅ መጥቶ ሆዳችን የሚገባው አያስነውርም። ከእኛ ወጥቶ ወደ ሩቅ የሚሄደው ነው የሚያስነውረን።

ረቡዕ ጠዋት ወንዱ ልጄ ፈቃድ ጠይቆ ቀረ። "እኔ ዛሬ ልጥፋላችሁ?" አለ።

"ጠፍተህ፣ እውነት ነው እንዲሉ? ውሃ ታስታጥባለህ።"

"አባዬ፣ በእኔ እጅ?"

"በአንተ እጅ።"

እልህ ነው ያናገረኝ።

መጡ። ትልቁ ሽማግሌ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዘንጋቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡ። ሁለቱ አጠገባቸው ተቀመጡ። ልጄን ለልጃቸው ሰጠሁ፤ እልልታ ሆነ። ሞሰቡ ቀረበ፤ ወንዱ ልጄ ጆግና ሳፋ ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። ትልቁ ሽማግሌ ፊት በርከክ አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን አልዘረጉም።

ሚስቴ የጓዳው በር ላይ እንደቆመች ቀረች። ውጭ አህያዬ አናፋች፣ ጊዜ የማታውቅ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳቁን ለመያዝ እንደሆነ ገብቶኛል።

"ቻይናዎቹ ጋ የምትሠራው አንተ ነህ?" አሉት ትልቁ።

"አዎ አባቴ።"

"ቢላ ትይዛለህ?"

"አልይዝም። እነሱ የሚሉትን ለሠራተኛው እነግራለሁ።"

"ምን ይላሉ?"

"ፍጠኑ ነው የሚሉት። አብዛኛውን ጊዜ።"

"ፍጠኑ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል?"

"ለእኛ ሰው ያስፈልገዋል አባቴ።"

ሽማግሌው ከትከት ብለው ሳቁ። ትከሻቸው ሁሉ ተነቃነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ ባቡር ላይ ስቀጠር አለቆቻችን ፈረንሳዮች ነበሩ" አሉ። "ቋንቋቸውን እየለቃቀምኩ ሠራሁላቸው። ሰፈሩ እንቁራሪት በላ አለኝ። እነሱ ይበላሉ ተብሎ እኮ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳህኔን ለየችብኝ። እስክትሞት ድረስ ብቻዬን በላሁ።" እጃቸውን ሳፋው ላይ ዘረጉ። "አፍስስ፣ ልጄ።"

ልጄ አፈሰሰ። ውሃው የሽማግሌውን እጅጌ አራሰው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው መታጠባቸውን ቀጠሉ። ሌሎቹ ሁለቱም ታጠቡ። በሉ። ምስሩን ጠርገው በሉ፤ ፍትፍቱንም ተሻሙበት። ሚስቴ እየደጋገመች ጨመረች። እኔ መጉረሱን ትቼ የእነሱን አፍ ሳይ ዋልኩ።

ሲጨርሱ ልጄ ውሃውን እንደገና አመጣ። ትልቁ ሽማግሌ እየታጠቡ፣ ቀና ሳይሉ፣ የሠርጉን ቀን አነሡ።

"የዛሬውን ቀን እርስዎ ቆረጡ፤ የሠርጉን እኛ እንቁረጥ" አሉኝ። "ከፋሲካ በኋላ ይሁን፣ በበዓለ ሃምሳ።"

"እሺ" አልኩ።

"በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም አይጾምም።"

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

"በሬውንም እዚሁ ግቢ እንጥለዋለን። ጠዋት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ባለበት። የእድሩንም ሊቀ መንበር ይጥሩት፤ ቢላውን እሱ ይያዝ።" እጃቸውን በልጄ ፎጣ አደራረቁና ዘንጋቸውን ፈለጉ። "ይሄ ልጅ ደግሞ ውሃውን ያስታጥባል።"