ሪሌዋ ምን አደረገችህ?

ከሐይቅ ከተማ ግሸን የሚመላለሰው ሚኒባስ የውስጥ መብራቱ ዛሬ ተስተካከለ፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ! ንዴቴ ግን አልበረደም።

መብራቱን መጀመሪያ የገጠሙት አባባ የምላቸው ሟቹ አያቴ ነበሩ። "መብራት እምቢ ሲል የምታበራ የምታጠፋውን ሪሌ አትክሰሺ፤ መጀመሪያ ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረችውን የማሳ ሽቦ እዪ" ይሉኝ ነበር። ሹፌሩ ለቅሷቸው ላይ ከእኛ በላይ አለቀሰ። ሳምንት ሳይሞላ መብራቱ እምቢ ቢለው "የሽማግሌ ሥራ!" ብሎ ሪሌዋን ነቅሎ መብራቱን በቀጥታ ከባትሪው አገናኘው። ሌት ተቀን እየበራ ባትሪውን ጨረሰው።

"ጋሼ፣ ሪሌዋ ምን አደረገችህ?" አልኩት።

"ተቃጥላ ነዋ፣ አንቺ ልጅ!"

አልተቃጠለችም። የማሳዋ ሽቦ ነበረች የዛገችው። ዝገቱን ፍቄ አሰርኳት፤ ሪሌዋንም መለስኳት። አባባ ቢኖሩ በሩን ዘግተው፣ ኋላ ወንበር ተቀምጠው ይፈትሹት ነበር። ወንበሩ ባዶውን ቀረ።

መብራት ያስቸገራችሁ ሹፌሮች፣ ኑ፣ እሠራላችኋለሁ። አያቴን የሚሰድብ ግን በጨለማው ይሂድ።