የአንበጣው ፉርሽካ

በዕድሜዬ ብዙ ግትር ሰው አይቻለሁ፤ የዚያን ዓመት ሽማግሌዎቻችንን የሚያህል ግን አላጋጠመኝም። ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው መንደራችን አንበጣ ወርዶ ማሳውን ሲጨርሰው፣ መንግሥት በመርዝ የተለወሰ ፉርሽካ በበቅሎ አስጭኖ ላከልን። ይዞት የመጣው ሰው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ እየበተነ፣ “ከብት እንዳይቀምሰው፣ ሰውም በባዶ እጁ እንዳይነካው” ብሎ አስጠነቀቀ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ለሽማግሌዎቹ ወደ ቋንቋችን ወደ ኸምጣኛ እመልስላቸው ነበር። አልሰማንም ማለት አይችሉም፤ ሰምተዋል።

አንበጣው ተነሥቶ ሄደ፤ አንድ ጆንያ ፉርሽካ ተረፈ። ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው አልኩ።

“የመንግሥት ዕቃ ነው። ነገ የት አደረሳችሁት ቢሉን ማን ሊመልስ ነው?” አለኝ ጭቃ ሹሙ።

“እንግዲያው እርስዎ ቤት ይቀመጥ” ስለው፣ ልጆች አሉኝ አለ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ የተስማሙት የት ቢሆን ጥሩ ነው? ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት። በእኛ አገር ሰው ርቆ ሲሄድ ንብረቱን ለታቦት አደራ ሰጥቶ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ ደፍሮ የሚሰርቅ የለም። ለመርዝ የሚያሰጋው ሌባ ሳይሆን የማያውቅ ሰው ነው እያልኩ ብለፈልፍ ማን ሊሰማኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ከአንድ ሁለት ካህን በቀር የሚያነብ ስላልነበረ ጽሑፍ አይጠቅምም። ስለዚህ ጆንያውን በእሾህ ቅርንጫፍ ጠመጠምኩት፤ እሾህ የታጠረበትን ነገር ማንም አይነካም። ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ልብሰ ተክህኖውን ይቀድብኛል ብሎ ብዙም ሳይቆይ እሾሁን አውጥቶ ጣለው። ሌላ ምልክት ያድርጉበት እንጂ አባ ስለው፣ “እኔ አውቀው የለም እንዴ” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያውቀው ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ታሞ ተኛና ወንድሙ ተተካ። ለወንድሙ ደግሞ ማንም ምንም አልነገረውም።

የግንቦት ማርያም ደረሰች። በዚያች ዕለት ለስለት የገባው ዕቃ ሁሉ ወጥቶ በጨረታ ይሸጣል። እኔ ለጉዳይ ሰቆጣ ወርጄ ነበር። አዲሱ ገበዝ ጥላውንና ሻማውን ሲያሻሽጥ፣ ያንን ጆንያ የስለት መስሎት አብሮ አወጣው። ያን ሁሉ ወራት ከዕጣን ጋር ስለከረመ መጥፎ ሽታው እንኳ ለቆታል። ሽማግሌዎቹ እዚያው ተቀምጠው ያያሉ። ኋላ ስጠይቃቸው አንዱ “ሌላ ጆንያ መስሎኝ” አለኝ፤ ሌላው “በታቦቱ ፊት ምን ብዬ ልናገር” አለኝ። አይ ሰው።

የገዛችው አክስቴ ናት። ልጇ በወሊድ ሞታባት የልጅ ልጇን ታሳድግ ነበር፤ ሕፃኗን ያቆየቻት የአንዲት ላም ወተት ነው። ግንቦት ላይ ሣር የለም፣ ላሟም ወተቷ እየነጠፈ ነበር። ታዲያ አክስቴ የማርያምን በረከት ለላሜ ብላ ያላትን ሁሉ ሰጥታ ወሰደችው።

ከሰቆጣ ስመለስ በደጇ ሳልፍ ላሟ ገንዳ ትልሳለች። ጨው ሳይቀር ጨምራበታለች። ጆንያውን አየሁና ሮጬ ገንዳውን ገለበጥኩት።

“ምን ሆነሃል አንተ?” አለችኝ።

“የአንበጣው መርዝ እኮ ነው። ከየት አመጡት?”

“ከማርያም ነዋ።”

“ከየትም ያምጡት፣ መርዝ ነው። ወተቷንም ለልጅቱ እንዳይሰጧት።”

“የማርያም በረከት መርዝ ነው ትላለህ? አፍህን ያዝ።”

የታለበው ወተት በቅል ተቀምጧል፤ ሕፃኗ ገና አልጠጣችም። አንሥቼ ደፋሁት። እሷ በኸምጣኛ እየረገመችኝ፣ ልጅቱም እያለቀሰች ወጣሁ።

ላሟ ሲመሻሽ ተንቀጠቀጠች፣ ጠዋት ሞታ ተገኘች። ደግነቱ በክት አይበላም፤ እሱን እንኳ ላስረዳ አልተገደድኩም። መንደሩ ተሰበሰበና አንዱ ሽማግሌ “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ብሎ ጀመረ። ከሥሩ ያገኙት ነገር እኔን ነው። ላሟ ደህና ስትበላ ነበር፣ መርዝ ነው ብዬ ተናገርኩ፣ ሞተች፤ ስለዚህ የገደላት የእኔ አፍ ነው። ይህን የፈረዱት እኮ ያኔ የተረጎምኩላቸው ሰዎች ናቸው።

አክስቴም የቀረውን ፉርሽካ ለዶሮዎቼ ነው ብላ አልሰጥም አለች። ልጅቱ በጥሬ ውሃና በአጥሚት ትንገላታለች። የወለደች ላም ስለነበረችኝ ይውሰዷት ብዬ ላክሁባት። የመጣው መልስ፣ “ታቦት የሰደበ ሰው ላም ወተት ለልጄ አላጠጣም፤ መጀመሪያ ይቅርታ ይበል” የሚል ነው።

ሚስቴ “ምን አጠፋህና?” አለችኝ። ምንም አላጠፋሁም። ግን ልጅቱ የኔን እውነት አትጠጣም። ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ፣ በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት አክስቴ እግር ላይ ወደቅሁ። ይቅርታዬ በአንድ ነገር የታሰረ ነበር፤ ጆንያው ለእኔ ይሰጠኝ አልኩ። “እግዜር ይፍታህ” አለችና ሰጠችኝ። ከምንጩ አርቄ፣ ወገቤ ድረስ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ድንጋይም ጫንኩበት። ላሜን ነድቼ በረቷ አስገባሁ።

ያቺ ሕፃን ዛሬ የልጆች እናት ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ “ይኸ አጎቴ የአያቴን ላም በአፉ ገደለ፤ በኋላ ግን ተጸጸተና የራሱን ሰጠን” እያለች ታወራለች። እኔም እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። እስካሁን ያናድደኛል። ግን አልመልስላትም፤ ኖራልኝ ትማኝ።