የሽማግሌው ጦጣ ንጋት

በምርምር ጣቢያው፣ መስኮት በሌለው የጦጣዎቹ ክፍል ፀሐይን የምታወጣውም የምታጠልቀውም አንዲት ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መብራቱ ቦግ ይላል፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጦጣዎቹ ብርሃኑን እንዳዩ ይንጫጫሉ፣ ይዘላሉ፣ ይጣላሉ፤ ሲጨልም ተቃቅፈው ይተኛሉ። ተንከባካቢያቸው ማን መቼ እንደነቃ በእርሳስ መጻፍ ከጀመረች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። እዚያ ቁጣ አታውቅም፤ ቢነክሷት እንኳ እጇን ታጥባ ሙዛቸውን ትሰጣለች።

ቤቷ ስትገባ ግን ሌላ ሴት ናት። ባሏ ብረት በያጅ ነበር፤ ጋዝ ፈንድቶ ሁለቱም ዓይኖቹ ከጠፉ ሰባት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰሞን ደህና ይከርምና፣ ሌላ ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ሲያንኳኳ አድሮ ቀኑን ሲተኛ ይውላል። "እኔ ለፍቼ ስመጣ አንተ ታንኮራፋለህ" እያለች ብርድ ልብሱን ትገፈዋለች። እሱ ግድግዳውን እየዳበሰ ይነሳል። የገዛ እህቷ "የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ" ብላታለች፤ አልዋሸችም።

በቅርቡ ሽማግሌው የሚሉት ጦጣ ሌሎቹ ሲጫወቱ መተኛት አበዛ። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ጦጣው ታሟል ብሎ ከጥናቱ ሊያስወጣው አሰበ። እሷ የሦስት ሳምንት ወረቀቷን ዘረጋችለት፤ ሽማግሌው የሚነቃው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ግድም እየዘገየ ነው። ዶክተሩ የጦጣው ዓይን ላይ ባትሪ አበራ። ብሌኑ ንቅንቅ አላለም።

"ታውሯል፣ እትዬ" አላት። "ብርሃን ካላየ ውስጡ ያለው ሰዓት የሚያስተካክለው ያጣል፤ ቀኑ ይንሸራተትበታል።"

"ስንፍና አይደለም ማለት ነው?"

"ምን በወጣው። ዓይን ሲጠፋ ሰውም እንዲህ ይሆናል።"

ወረቀቷን አጣጠፈች። ለጦጣ በየቀኑ የጻፈችውን፣ ለባሏ በሰባት ዓመት አንድ ቀን ልብ ብላ አላየችለትም። አፈረች፤ ከሀፍረቱም በላይ አሳዘናት።

አስር ሰዓት ላይ ቤቷ ስትደርስ ተኝቷል። ጫማዋን ደጃፍ ላይ አውልቃ ገባች፣ ሬዲዮውን ዘጋች፣ ብርድ ልብሱን እግሩ ድረስ ሳበችለት፤ ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተገላበጠና እጁ ጉልበቷን ነካ። ደንግጦ ለመነሳት ተጣደፈ።

"ይቅርታ፣ አሁን እነሳለሁ። ረፈደ እንዴ?"

መስኮቱ ላይ የቀረው ብርሃን እያለቀ ነበር።

"አልረፈደም" አለችው። "ላንተ ገና መንጋቱ ነው። ቁርስ አብረን እንበላለን።"