በበረዶ ተራራ ላይ ያለው ግመል

ባለፈው ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ነው... ፌርፋክስ፣ ሁልጊዜ ከምበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጬ ሽሮዬን ስጠብቅ፣ ሰናይት አንድ ሸበቶ ህንዳዊ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ገባች።

ሰናይትን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ። በዲቪ መጥታ አረጋውያንን በመንከባከብ የምትተዳደር ታታሪ ልጅ ናት። «አንቱ» ማለት ግን አልሆነላትም። ሁለት ሦስቴ አርሜያት ተውኩት።

ሰውየው ሚስተር ፕራካሽ ይባላሉ። ዌስትውድ ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ሰላምታ ተለዋውጠን አጠገቤ ከተቀመጡ በኋላ ሰናይት ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ አማርኛ እንደማይሰሙ እያወቀች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አእምሯቸው እየከዳቸው መሆኑን አጫወተችኝ። ዓርብ ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ትወስዳቸዋለች። ሐኪሙ ከተስማማ የመርሳት ሕመምተኞች የሚኖሩበት፣ በሩ ሁልጊዜ የሚቆለፍ ቤት ይገባሉ። ሐኪሙ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ሰናይት በየቀኑ የምትጽፈው ሪፖርት ነው።

ምን አድርገው እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ያሳዝናል። ስላደገበት አገር ስጠይቀው ግመል አለ ይለኛል። የበረዶ ተራራ ላይ ግመል። ደግሞ ኮረብታው ላይ መድፍ ነበረ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሲተኮስ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያስተካክልበታል ይላል። ሶ... ኮንፊውዝድ ነው፣ ተምታቶበታል ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበል ታዲያ?»

የከተማውን ስም ጠየቅኳት። ሙሱሪ የሚባል ነገር ነው አለችኝ።

ሙሱሪ... ስሙን ከሰው አፍ ከሰማሁት ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ደሴ ስማር ጂኦግራፊ ያስተማሩን ህንዳዊት ነበሩ። በልጅነታቸው አዳሪ ሆነው የተማሩት እዚያ ሂማላያ ላይ፣ ሙሱሪ ነው። ከዓለም ካርታ በፊት ያንን ከተማ አስጠኑን። ጎብኚ የሚሄድበትን ሁሉ፣ የገበያውን መንገድ፣ የሰዓቱን ማማ፣ ፏፏቴውን፣ በየቦታው በእርሳስ እንነድፍ ነበር። አንዱን የሳተች ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ቀርታ ሙሉውን ትደግማለች። እኔ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ፤ ስለዚህ አልረሳውም።

ግመሉ ድንጋይ ነው። ከተማውን በስተጀርባ በሚዞረው መንገድ ላይ የተቀመጠ ግመል የሚመስል አለት ይታያል፤ መንገዱም «የግመል ጀርባ» ይባላል። መድፉም በእንግሊዞች ጊዜ በእርግጥ ይተኮስ ነበር። ይህን ስነግራት ሰናይት ፊቷ ተለዋወጠ። ኮንፊውዝድ የሚለውን ቃል ስትጽፍ ሦስት ሳምንት ሆኗታል።

«ሰው ያላየሽውን ነገር ሲነግርሽ ጠይቂ እንጂ አትፍረጂ» አልኳት።

ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና ካርታውን ነድፌ፣ ስለ አስተማሪዬም ነግሬያቸው፣ ሰውየውን በእንግሊዝኛ መፈተን ጀመርኩ። መጀመሪያ በመገረም አዩኝ። ቀጥሎ ከወንበራቸው ቀና አሉ። የገበያው መንገድ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ፣ ፏፏቴው ከከተማው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ግመሉ ደህና ሆኖ የሚታየው ከየት ቆመው እንደሆነ አንድ በአንድ ነገሩኝ። መድፉማ ድሮ ቀርቷል፣ አባታቸውም ድምፁን አልሰሙትም። ይህን ማን ጠይቋቸው ያውቃል... ለእያንዳንዱ መልስ ራይት አደረግኩ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ መድፉ የነበረበት ኮረብታ ላይ በምን እንደሚወጣ ነበር።

«በሽቦ ገመድ በተንጠለጠለ ሳጥን» አሉ። «ከገበያው መንገድ ተነስቶ በአየር ላይ ይሄዳል።»

ደነገጥኩ። እኔ የተማርኩት በእግር ወይም በፈረስ እንደሚወጣ ነው። ደግሜ ጠየቅኳቸው። ያንኑ መለሱ፤ እንዲያውም መዳፋቸውን ከጠረጴዛው ላይ በቀስታ እያነሱ እንዴት እንደሚሄድ አሳዩኝ።

ሽሮው ቀርቦ ይቀዘቅዛል። ሰናይት ዓይን ዓይኔን ታያለች። እስክሪብቶዬን አነሳሁ። የኤክሱን አንዱን መስመር አስምሬያለሁ...

«ቆይ እትዬ» አለች ሰናይት። «ጠይቂ አላልሽኝም?»

ስልኳን አውጥታ የኮረብታውን ስም በእንግሊዝኛ ከእሳቸው አፍ እየሰማች ጻፈች። ወዲያው ፎቶው መጣ። ከከተማው ጣሪያ በላይ፣ በሽቦ የተንጠለጠለ ሳጥን፤ ሰዎች በመስኮቱ ብቅ ብለው ቁልቁል ያያሉ።

ሚስተር ፕራካሽ ፎቶውን ሲያዩ ሳቁ። አስተማሪዬ መቼ ከዚያ እንደወጡ ጠየቁኝ። በግምት ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ገመዱ ሳይዘረጋ ነው» አሉኝ፣ ለሰነፍ ተማሪ በሚነገርበት ትዕግሥት።

ምሳችንን በላን። ሰናይት የዕለቱን ሪፖርት እዚያው አጠገቤ ሆና ጻፈች። ከሥሩም ባለፉት ሦስት ሳምንታት የጻፈችው ስህተት የእርሷ እንጂ የሰውየው እንዳልሆነ ልትጨምርበት ጀመረችና አቆመች። «ከሥራ ቢያባርሩኝስ?» አለችኝ። ሆኖም ጻፈችው፣ ፈረመችም።

ቅዳሜ ጠዋት የሚስተር ፕራካሽ ልጅ ስልኬን ከሰናይት ተቀብላ ደወለችልኝ። ሐኪሙ ሪፖርቱን አንብቦ፣ ራሱም አባቷን ብዙ ጠይቆ፣ ቤታቸው ይቆዩ ብሏል። ሰናይትም ከእነርሱ ጋር ናት። ልጅየዋ የተወለደችው እዚሁ በርባንክ ነው፤ የአባቷን ከተማ አይታው አታውቅም። ግመሉን እሷም በሽታ መስሏት እንደነበር እያፈረች ነገረችኝ። አሁን ማታ ማታ ካርታ ታስነድፋቸዋለች።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ አባቷን ያመንኳቸው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገረችኝ።

የኤክሱን አንዱን መስመር አስምሬ እንደነበር አልነገርኳትም።