የጋሽ ይመር ባቡር

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ጎማም፣ ፀጉርም የተቃጠለ ይመስላል፤ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ አልለቅ ይላል። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከገበያው በላይ ያለችው ኩርባ ጋ ስደርስ ይኸው ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ከከላላ በኩል ጤፍ ጭኖ የመጣ አይሱዙ ቁልቁለቱን ሲወርድ ቆይቶ፣ እየተንገጫገጨ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ለምን እንደቆመ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እኔ ግን እዚያው በቆምኩበት የአራተኛ ክፍል ልጅ ሆንኩ፤ ጆሮዬ ላይ የነሐስ ፊሽካ ጮኸ፤ ጋሽ ይመርም ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ፊቴ ድቅን አሉ።

ጋሽ ይመር የባቡር ሰው ነበሩ። መካነ ሰላም ላይ የባቡር ሰው መሆን እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስቡት፤ እንኳን ባቡር፣ ያኔ አስፋልትም አልነበረንም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ድሬዳዋ፣ ሐዲዱና የመኪናው መንገድ በሚገናኙበት ማቋረጫ ላይ ቆመው ነው። ባቡር ሲመጣ ረጅሙን የብረት ዘንግ ያወርዱና ቀይ ባንዲራ ይዘረጋሉ፤ ግመሉም፣ ጋሪውም፣ ታክሲውም ይቆማል። ባቡሩ ሲያልፍ አረንጓዴውን ያውለበልባሉ። ሥራው እየቀዘቀዘ ሄዶ ሲቆም አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ፣ ያችን ፊሽካና ሁለቱን ባንዲራዎች ይዘው ወደ ተወለዱበት አገር ገቡ። ከሻንጣው ክዳን ውስጥ ከካላንደር የተቆረጠ የባቡር ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ጠርዙ ተበልቷል፤ ጢሱ ግን አሁንም ይወጣል።

ያንን ሥዕል ለማየት ነበር መጀመሪያ ደጃቸው የተሰበሰብነው። እኔና ጓደኛዬ ሰዓዳ ነን የጀመርነው፤ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ሰዓዳ እናቷ ጂዳ ስለነበረች የምትኖረው ከታናሽ ወንድሟ ጋር አያቷ ዘንድ ነበር። እናቷ የላከችላት የሚያብረቀርቅ ጫማ ነበራት፤ ስትሄድ ተረከዙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል። ጋሽ ይመር ያንን ጫማ ሲያዩ፣

«እሰይ! የኋላ መብራት ያለው ፉርጎ መጣ!» ይሉ ነበር።

ባቡር አይተን የማናውቅ የባቡር ወዳጆች ሆንን። በግቢያቸው የድንጋይ ካብ ላይ ተደርድረን እሳቸው በአፋቸው ባቡር ሲያስነሱ እንሰማለን፤ መጀመሪያ ከባድ ትንፋሽ፣ ከዚያ ብረት ለብረት፣ ከዚያ ጉንጫቸውን ነፍተው ረጅሙን ጡሩንባ። የአዋሽን ድልድይ ሲሻገሩ ድምፃቸው ባዶ ይሆናል፣ ልክ ከሥር ገደል እንዳለ። በመስኮት ስለሚሸጠው ሐብሐብ፣ ሐዲድ ላይ ተኝታ አልነሳም ስላለችው ግመል ሲያወሩ ምራቃችንን መዋጥ እንረሳለን። መሬት የሚለኩ ሰዎች ባለሦስት እግር መሣሪያቸውን ይዘው ከተማችን የመጡ ጊዜ ሐዲዱ ደረሰ ብለን ስንዘል ዋልን። ጋሽ ይመር ራሳቸው ሻይ ይዘው ሄደው ጠየቁ፤ የሚለካው ለመኪና መንገድ ነው ተባሉ። ብርጭቆውን ሰብስበው ሲመለሱ፣

«አብሽሩ ጀመዓ፤ መንገድ ከመጣ ሐዲድ ይከተላል» አሉን። እኛም አመንን። ምን እናውቃለን?

መንገዱ ግን ያመጣው አይሱዙ ነው። ከከላላ፣ ከደጎሎ ስንዴና ገብስ የጫነው ሁሉ ኩርባዋ ላይ ሲደርስ ይንደረደራል። አንድ የገበያ ቀን አንዱ ገንቦ የጫነች አህያ ገጭቶ ገደለ፤ የገንቦው ስባሪ የትምህርት ቤታችን አጥር ድረስ ተረጨ። አህያዋ ስትመታ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ከጎኗ እየሄደ ነበር፤ ለጥቂት ተረፈ። ይህን ሁሉም አየ፤ ሁሉም ደነገጠ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

የክበባት ኃላፊያችን ቲቸር አስናቀ ሰልፍ ላይ ወጥቶ ጠዋትና ቀትር ኩርባዋ ላይ ቆመው ልጆች የሚያሻግሩ በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን ሲል፣ በዚያ ብርድ ማን እጁን ያውጣ? ወሬውን ለጋሽ ይመር ያደረስንላቸው እኛ ነን። ሲሰሙ ተነስተው ቆሙ።

«ማቋረጫ አይደለም እንዴ የምትሉኝ? ማቋረጫ ነው እኮ!»

በማግስቱ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባንዲራዎቹን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። የባቡር ወዳጆችም ከኋላቸው ተሰልፈን ገባንና በአንድ ጊዜ ሁላችንም ተመዘገብን።

የመጀመሪያው ጠዋት ግን ጉድ ፈላ። መኪና ድምፁ ሲሰማ ጋሽ ይመር ፊሽካቸውን ነፉና ቀዩን ባንዲራ ወደ እኛ፣ ወደ ልጆቹ ዘረጉት! አረንጓዴውን ለአይሱዙ አውለበለቡለት። ሾፌሩ በሳቅ ፈንድቶ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። ሌላ መጣ፤ እሱንም አሳለፉት። ተማሪው፣ አህያው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ቄስ ሳይቀሩ ተገትረው ቀሩ። ደወል ተደወለ፣ እኛ አሁንም ማዶ ነን። ኩርባዋ ላይ ሻይ የሚሸጡት እትዬ ዘነቡ ከበራቸው ሆነው፣

«ጋሽ ይመር! የቀጠረዎት አይሱዙው ነው እንዴ?» ብለው አላገጡባቸው።

ሰው ሳቀ። ጋሽ ይመር አልሳቁም፤ ግራ ገብቷቸው ባንዲራዎቹን ተራ በተራ አዩዋቸው።

«የሚያልፈው አይቆምም» አሉ ቀስ ብለው። «የሚቆመው ሰው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያቆምኩት ሰው ነው።»

ቲቸር አስናቀ ሊያስረዳቸው አፉን ሲከፍት ሰዓዳ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ ታዲያ እኛ ባቡር ብንሆንስ?»

ወላሂ፣ ፊታቸው ላይ የበራውን ነገር ዛሬም ብጽፈው አይወጣልኝም። ወዲያው ከትንሽ እስከ ትልቅ ደረደሩን፤ እያንዳንዱ የፊተኛውን ሹራብ ከኋላ ጨበጠ። መሪ አድርገው ከሁሉም ፊት እኔን አቆሙኝ፤ ሰዓዳ የኋላ መብራት ስላላት ጭራ ሆነች። ፊሽካው ጮኸ፤ «ባቡር ገባ!» አሉ፤ ቀዩም ባንዲራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ዞረ። የመጣው አይሱዙ ሽታውን እየለቀቀ ቆመ። እኛ በእግራችን ዱክ ዱክ እያልን አለፍን። አንድ ሕግ ብቻ ነበር፦ ባቡር ከገባ በኋላ መሃሉ አይቆረጥም፤ ጭራው እስኪወጣ ማንም አያልፍም።

ከተማው ለመደን። ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩን ማርሽ ይቀንሱ ጀመር። የገበያ ሴቶች ሳይቀሩ ቅርጫታቸውን እንደተሸከሙ ከጭራችን ይቀጠላሉ። እትዬ ዘነቡ ለጋሽ ይመር ሻይ በነጻ ያቀርቡ ነበር፤ ማላገጣቸውን ግን አልተዉም። «ለባቡር ሹሙ ስኳር ጨምሩለት!» ይላሉ።

ጋሽ ይመር ደስ ብሏቸው ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ይጎድላቸው ነበር። ድሬዳዋ ዩኒፎርም ነበራቸው። እዚህ የለበሱት ያረጀ ኮት ነው፤ አዲስ ሾፌር ደግሞ የኮቱን ክርን አይቶ «ምን ሆነው ነው ሽማግሌው?» ይላል። እናም ቲቸር አስናቀ አንድ ቀን መጥቶ እንግዶች የበጎ ፈቃድ ሥራችንን ሊያዩ እንደሚመጡ፣ ለሳቸውም የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ እንደሚሰጣቸው ሲነግራቸው ፂማቸውን ደባበሱ። በዚያ ሳምንት ፀጉራቸውን ተስተካከሉ። ባንዲራዎቹን አጥበው ካቡ ላይ አሰጧቸው። እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣

«ሰደርያው ኪስ ያለው ይመስልሻል? ፊሽካዋን የማኖርበት» ብለው ጠየቁኝ።

እንግዶቹ ይመጣሉ ከተባለበት ሰዓት ቀድመው መጡ። እኛ መሃል መንገድ ላይ ነበርን። መስታወታቸው የጠቆረ ነጫጭ መኪኖች ጡሩንባ እየነፉ ከላይ ወረዱ። ጋሽ ይመር አዩዋቸው። ማን እንደሆኑም ያወቁ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቀዩን ከመዘርጋታቸው በፊት ኮታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ዘረጉት።

ከፊተኛው መኪና ኮት የለበሰ ወጣት ዘሎ ወረደ።

«አንተ ሽማግሌ! ዓይንህ አያይም? ማንን እንዳቆምክ ታውቃለህ?»

«ባቡር ገብቷል ጌታው» አሉ ጋሽ ይመር። «ጭራው ሲወጣ ያልፋሉ።»

«የምን ባቡር? ሰክረሃል?»

«እኛ ነን ባቡሩ!» አለች ሰዓዳ ከኋላ።

ማንም አልሳቀም። ወጣቱ ባንዲራውን ነጠቃቸው። የሸራው ጫፍ ሲቀደድ ሰማሁት። «ተበተኑ!» ብሎ ጮኸብን፤ ሹራብ ለሹራብ የተያያዝነው ተላቀቅን፤ ትንንሾቹ እያለቀሱ ወዲህና ወዲያ ሮጡ። መኪኖቹ በመሃላችን አለፉ። የኋለኛው መኪና መስታወት እንኳ ዝቅ አላለም። ከውስጥ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቲቸር አስናቀ ከትምህርት ቤቱ በር ሁሉን እያየ ነበር፤ መኪኖቹ ሲደርሱ ማጨብጨብ ጀመረ።

ቢጫዎቹን ሰደርያዎች ኩርባዋ ላይ አንድም ቀን ቆመው የማያውቁ ሁለት ወጣቶች ለበሷቸው፤ ፎቶ ተነሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ወጣቶቹን ኩርባዋ ላይ አላየናቸውም። ጋሽ ይመር ተጠርተው «ዕድሜዎ ገፍቷል፣ አሁን ይረፉ» ተባሉ። ባንዲራቸውን ሲጠይቁ ቀዩ ያለፈቃድ መንገድ የተዘጋበት ስለሆነ አይመለስም ተባለ። አረንጓዴው እጅዎ ላይ ይቆይ አሏቸው። አያችሁ? ማሳለፍ ተፈቀደ፤ ማቆም ነው የተከለከለው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው አቁመው መኪናና ባቡር ሲያሳልፉ ማንም ምንም አላላቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ይመር እትዬ ዘነቡ በር ላይ አረንጓዴዋን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ይቀመጣሉ። አንድም ቀን አልዘረጉዋትም። እትዬ ዘነቡም ማላገጥ ተዉ፤ ሻዩን ዝም ብለው ያስቀምጡላቸዋል። እኛ እንደ ፈለግን እየተበተንን መሻገር ጀመርን። ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ አይሱዙ የሰዓዳን ታናሽ ወንድም ገጨው። ተረፈ፤ ዛሬም ያነክሳል። ጋሽ ይመር የዚያን ዕለት ልጁን አቅፈው ወደ ጤና ጣቢያ የሮጡ ጊዜ የወደቀችውን አረንጓዴ ባንዲራ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልመልስላቸው ስል፣

«ተይው ልጄ፤ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

በቀጣዩ ዓመት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቲቸር አስናቀ ስለ በጎ ፈቃድ አርአያነታቸው ረጅም ንግግር አደረገ። ሰዓዳ ክንዴን ጨብጣ «ሲያጨበጭብበት የነበረውን እጁን እይው» አለችኝ። አሁን እሷም የለችም፤ እናቷ ወዳለችበት ሄዳለች። ባቡሩም ቢሆን፣ ይመጣል የተባለው በኮምቦልቻ በኩል ነው፤ ወደኛ አይዞርም።

ትናንት አይሱዙውን ያቆሙት ትንንሽ ልጆች ናቸው። ጋሽ ይመር ሲሞቱ ያልተወለዱ ወይ የሚድሁ የነበሩ። የፊተኛው በጣቱ ያፏጫል፤ ሌሎቹ ሹራብ ለሹራብ ተያይዘው ዱክ ዱክ ይላሉ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይሳደባል፤ እነሱ ዘወር ብለው አላዩትም። ማዶ ሲደርሱ የፊተኛውን ያዝኩት።

«ማነው እንዲህ ያስተማራችሁ?»

«ማንም። እንዲህ ነው የሚታለፈው» አለኝ።

«መኪናው ባይቆምስ?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «ባቡር እኮ መሃሉ አይቆረጥም።»

ከኋላቸው ሌሎች ልጆች ደግሞ ማዶ ላይ እየተደረደሩ ነበር። ከላይ ሌላ መኪና ይሰማል። ኩርባዋ ላይ ቀይ የያዘ ሰው የለም። ደብተሬን መሬት አስቀመጥኩና ቀይ ሹራቤን አውልቄ ወደ ቁልቁለቱ ዘረጋሁት፤ ጭራው እስኪወጣ ድረስ።