ጀሶ ውስጥ የቀረ ጋዜጣ

ሽማግሌው ስማቸውን አንድ ጊዜ ነግረውን ነበር፤ ማናችንም አልያዝነውም። ማክሰኞ ማክሰኞ ላ ፕላታ ከተማ ወዳለው ሙዚየማችን ምድር ቤት እየመጡ በነጻ ያግዙናል። ዘራቸው ከጠፋ አንገተ ረጅም የባሕር ተሳቢ እንስሳት አጥንት ላይ፣ ከአንታርክቲካ ተሸፍኖ የመጣበትን ጀሶ ያነሳሉ። ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው፤ ጫማቸው ግን እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው።

ጀሶው አጥንቱ ላይ እንዳይጣበቅ ቆፋሪዎቹ በመሃል እርጥብ ጋዜጣ ያደርጉ ነበር። እኛ ቀደን እንጥለዋለን። እሳቸው ግን በውሃ አርሰው በወረንጦ ይልጡትና እንደ ልብስ ገመድ ላይ ያሰጡታል። የሚመርጡት ደግሞ ወታደሮች አገራችንን በሚገዙበት ዘመን የታሸገውን ብቻ ነው።

«አባባ፣ አጥንቱን ትተው የድሮ ወሬ ያነባሉ?» አለቻቸው ባለፈው ማክሰኞ ባልደረባችን ሚርታ፣ ማቴ የሚባለውን ትኩስ የቅጠል መጠጥ እያቀበለቻቸው።

«እሱ ሰባ ሚሊዮን ዓመት ተኝቷል። እኔን ትንሽ ቢጠብቀኝ ምን ይለዋል?»

መነጽራቸውን አድርገው የላጡትን ገጽ ከዳር እስከ ዳር፣ የኳሱን ውጤት ሳይቀር አነበቡት። ከዚያ ቀስ ብለው አጠፉት።

«ወታደሮቹ ልጄን ከቤት በወሰዷት ማግስት የወጣ ነው» አሉ። «ጋዜጣው የጻፈው ስለ ዝናቡ ነው።»