ሦስቴ የምትወጣው የእትዬ ማርታ እጅ

አላምንም። ጠዋት ልጃቸው ደውላ «እማዬ ወደ ጌታ ሄደች» ስትለኝ «ተይ ባክሽ! ከትናንት ወዲያ የሰፈራችን ቦይ ዳር ቆመው ሲሳደቡ ሰምቻቸዋለሁ» አልኳት። የሚሳደብ ሰው የማይሞት መስሎኝ።

እትዬ ማርታን ለማታውቁ፦ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ ጎረቤቴ ናቸው። «ነበሩ» ማለት ገና አፌ ላይ አልመጣልኝም።

እዚህ ፌስቡክ ላይ የሞተ ሁሉ መልአክ ነው። እሳቸው መልአክ አልነበሩም። ነገረኛ ነበሩ፣ ደግ ነገረኛ። ዛሬ የምጽፈው ስለ እጃቸው ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ገና ወጣት ነኝ፤ የወጣቶች ማኅበር አባል ተብዬ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጅ ቆጣሪ አድርገውኛል። ከስብሰባ መቅረት የለም። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም። አዳራሹ ጢም ይላል።

እትዬ ማርታ ከዓሣ ገበያው በቀጥታ ነው የሚመጡት። ሽታው ቀድሟቸው ሲገባ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ፈቀቅ ፈቀቅ ይላል። «ጎሽ፣ ቦታ ሰፋልኝ» ብለው ዘርፈጥ ይላሉ።

የዚያን ቀን አጀንዳው «የቀበሌያችን ገንዘብ ምን ላይ ይዋል? ሰፊው ሕዝብ ይወስን» የሚል ነበር።

ሰፊው ሕዝብም ወሰነ። ሰው ተራ በተራ እየተነሳ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ቦዩ። በሰፈራችን መሃል የሚያልፈው የጎርፍ ቦይ ተደፍኖ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ቤት ይገባል። ሲተኛ ደግሞ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። የእትዬ ማርታ ትንሿ ልጅ፣ ዛሬ የደወለችልኝ፣ በወባ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ቦዩ ይጠረግ፣ በድንጋይ ይሠራ፣ ሌላ ምንም አንፈልግም ተባለ።

ሊቀመንበሩ ሁሉንም ሰማ። ራሱንም ነቀነቀ። ከዚያ «ጓዶች፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ለአብዮት በዓል መንገዱ መግቢያ ላይ መፈክር የተጻፈበት የእንጨት ቅስት እንዲሠራ ለድምፅ ቀርቧል» አለ።

እስቲ በሞቴ፣ ይሄ «ስለዚህ» ከየት መጣ? ስንት ዓመት አሰብኩበት፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«የምትደግፉ?» የሁሉም እጅ ወጣ። ማን ይቀራል? በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ታቅፎ ቆሟል። የእትዬ ማርታም እጅ ወጣ።

«የምትቃወሙ?» አንዲት እጅ ወጣች። የእሳቸው።

«ድምፀ ተአቅቦ?» አሁንም ያቺው እጅ፣ የዓሣ ቅርፊት እንደተለጠፈባት።

ቆጠርኩ። ድምፁ ከሰው በለጠ።

«ድምፅ ከሰው ይበልጣል እንዴ?» ብሎ ሊቀመንበሩ እኔ ላይ አፈጠጠ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ «ጓድ ማርታ! አንቺ በየትኛው ነሽ?» አለ።

«በሁሉም» አሉ እትዬ ማርታ። «በአንዱ እንኳን ብታዩኝ ብዬ ነው።»

ሰው ሳቁን ለመደበቅ ሳል በሳል ሆነ። አብዮት ጠባቂው ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው፣ ቀበሌ እስር ቤት ሰነበቱ። ውሳኔው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ። ቅስቱም ተሠራ። ቀይ ቀለሙ ያምር ነበር፣ አልዋሽም። በዚያው ክረምት ጎርፉ በሥሩ አልፎ ቤታችን ገባ።

ሲፈቱ «እትዬ፣ ትንሽ አይፈሩም?» አልኳቸው።

«እንዴት አልፈራም! የልጄን ግንባር ስነካው ግን ከዚያ ይበልጥ እፈራለሁ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ «በአንዱ እንኳን ብታዩኝ» የእሳቸው አባባል ሆነች። ዕድር ላይም፣ ቸርች ስብሰባ ላይም፣ ዓሣ ሲያስመርጡም።

ደርግ ሲወድቅ ቅስቱም ፈረሰ። በማግስቱ ከቤቴ ስወጣ እትዬ ማርታ የቅስቱን ትልቅ ጣውላ ጎትተው ቦዩ ላይ አጋድመውታል። መፈክሩ ወደ ታች ዞሯል። «እንቁራሪቶቹ ያንብቡት» አሉኝ። «አየሽ፣ ገንዘቡ ዞሮ ዞሮ ቦዩ ጋ ደረሰ!»

በዚያ ጣውላ ዓመታት ተሻገርን። በኋላ በሰበሰ። ቦዩ አለ።

በቅርቡ ደግሞ የበጀት ውይይት ተብሎ ሰፈሩ ተጠራ። ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ፣ እኔም ደገፍ አድርጌያቸው። እጃቸውን አወጡ። መድረክ መሪው ልጅ ገና ሳይናገሩ «የእናታችንን ሐሳብ በግብዓትነት ወስደነዋል» ብሎ ወደ ምሳ ሸኘን።

እንዴት እንደበገንኩ! እሳቸው ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይሄኛው እንኳን አላሰረኝም» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ዛሬም ያንገበግበኛል። አንዲት ቦይ! አንዲት ቦይ ናት እኮ የጠየቁት፣ ዕድሜ ልካቸውን።

አሁን ይህን ስጽፍ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን የት እንደሚተክሉት እየተጨቃጨቁ ነው። የሌሊቱ ዝናብ በእሳቸው ደጅ ተኝቷል። ከቦዩ ወዲህ፣ በእኔ በር ላይ ሊተክሉት ነው። ለቀስተኛው ወደ እሳቸው ቤት አይደርስም።

እትዬ ማርታ፣ ነገ በዚያው ቦይ ላይ በትከሻችን እናሻግርዎታለን። ድንጋይ ደርድረናል፣ ቀስ ብለን ነው የምንረግጠው፣ አይስጉ።

እጅዎን ያውርዱ በቃ። ደክሟታል።

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እኔ አለሁ። በድጋፉም፣ በተቃውሞውም፣ በተአቅቦውም እጄን አወጣለሁ።

ደህና ይሁኑ፣ እትዬ። እኔ አይቼዎታለሁ።